የረዳት ጉሮሮ

እንጀራዬ ጩኸት፣ መሣሪያዬ አንገቴ፣
በር ላይ ተንጠልጥሎ ያደገ ሰውነቴ።
«ደብረ ሲና! ደብረ ብርሃን! የቀረው አንድ ሰው!»
እያልኩ የኖርኩበትን ጉሮሮ ብርድ ያዘው።

ከሸዋ ሮቢት ወበቅ ላቤ ሳይደርቅልኝ፣
የጣርማ በር ጭጋግ በመስኮት ጠበቀኝ።
ማክሰኞ ከረከረኝ፣ ረቡዕ አረረ፣
ሐሙስ ማለዳ ላይ ድምፄ ጨርሶ ቀረ።
አፌን ብከፍተውም የሚወጣው ነፋስ፣
ሚስማር የወጋው ጎማ ቀስ ብሎ ሲተነፍስ።
ሾፌሩ ጋሽ ጥላዬ በመስታወት አየኝ፣
«ዛሬ በማን አፍ ነው ሰው የምንጭን?» አለኝ።

ተሳፋሪው ሁሉ ሐኪም ሆኖ አረፈ፣
አንዱ ያዘዘውን ሌላው እየነቀፈ።
«ዝንጅብል በማር ነው!» «ኧረ ነጭ ሽንኩርት!»
«ዳማከሴ ጭመቅ፣ በቡና ጠጣበት!»
«ባሕር ዛፍ ቀቅለህ፣ በጋቢ ታጠንበት!»
«ቀበሪቾ ይሻላል፣ ሌሊት አጭስበት!»
ዳዊት ሲደግሙ የቆዩ አንድ አዛውንት፣
«ዝምታ ነው» አሉ፣ «የሁሉም መድኃኒት።»
በግዴ ታዘዝኩ።

ከዋሻው አፍ ወዲህ፣ ጉም በሚተኛበት፣
ጦስኝ ሻጮች አሉ፣ ሲሮጡ ለመስኮት።
«ጥፉ! ገለል በሉ!» ነበር ሰላምታዬ፤
ስንቱን እጅ መለሰ የመስኮት መዝጊያዬ።
ሐሙስ ግን «ጥፉ»ን ከየት አባቴ ላምጣ?
ተጠጋች አንዲት ሴት፣ ሳታይብኝ ቁጣ።
የሻረግ ነው ስሟ፤ የሺ ሐረግ ማለት፤
እኔ አንድ ሐረግ እንኳ ባጣሁበት ዕለት።

«አንተ አይደለህም ወይ ‹ጥፉ› ባዩ ጎረምሳ?
ዛሬ ምን ዋጠህና እንዲህ ዝም አልክሳ?»
አልሳቀችብኝም። እጇን በነጠላዋ አብሳ፣
ጉሮሮዬን ነካች፣ አንገቴን ዳብሳ።
«የብርድ ብቻ አይደለም» አለች፣ «ይሄ ቁስል፤
ሰው ሲያባርር የዋለ ጉሮሮ ይመስላል።»

ጦስኙን ሰጠችኝ፣ ከነሥርዓቱ ጋር፦
«ውሃው ፈልቶ ይውረድ፤ እሳት ላይ አትጨምር፤
ሽታው ከበረረ ገለባ ነው የሚቀር።
ክደነው። ታገሠው። ለብ ሲል ነው ማር።
ካጣህ ባዶውን ጠጣ፣ አትነስንስበት ስኳር።
ሳምንት ካለፈው ግን፣ ወይ ደም ካየህ፣ ባክህ፣
ጤና ጣቢያ ሂድ፣ እንዳትቀር እኔን አምነህ።
ጦስኝ ጦስኝ ነው እንጂ፣ ታቦት አይደለም ልጄ።»

ሃያ ብር ብሰጣት መለሰችው ወደ እጄ።
«ያዘው ብርህን» አለች፤ «ድምፅህ የመጣ ቀን፣
በዚህ ስታልፍ ብቻ ‹ጦስኝ አለ!› በልልን።
የእኔ ጩኸት ደካማ ነው፣ ለስላሳ፣ የገጠር፤
አልፎ አያውቅም መስታወት፣ ስኖር በጣርማ በር።»

ደብረ ብርሃን አደርን። በሻይ ማፍያ ጣሳ፣
እንዳለችኝ አፈላሁ፣ ትእዛዟን ሳልረሳ።
ማር ግን አላገኘሁም። ባዶውን ጠጣሁት፤
መረር አለኝ። ላበኝ። እንቅልፍን አገኘሁት።
እሑድ እህህ ስል፣ ከአንገቴ ጥግ ስር፣
ቀጭን ድምፅ መለሰ፣ እንደ ጫጩት ነገር።

ሰኞ ጣርማ በር ላይ በሩን ከፈትኩና፣
«ጦስኝ አለ!» አልኩኝ፣ ሻካራ በሆነ ቃና።
ጋሽ ጥላዬ ደንግጦ ፍሬኑን ረገጠ፣
የአንዱ ተሳፋሪ ዶሮ አመለጠ።
ከጉሙ መሃል ስምንት እጅ ብቅ አለ፤
የየሻረግ የቱ ነው? ጭጋግ ፊት ከለለ።
ስሟን ብጠራ ሁሉም «አቤት!» አሉኝ።

ብርዱ ገባ። «ኧረ ዝጋው!» ብለው ጮኹ።
ከኋላ ወንበር ላይ አንድ ሕፃን ሳለ።

መስኮቱን አልዘጋሁም።