ዝምድና የሚለው ሳጥን

አውሮፕላን የሙሐረቅን ጣራ ታኮ ሲያልፍ ማታ፣
የመስኮቱ መስታወት ሲርድ ለአንድ አፍታ፣
ሪም ዓይኗን ታነሳለች።
ከዓይኗ በቀር የሚታዘዛት የላትም፤ ይህንንም ታውቃለች።
አንገቷን እኔ ነኝ ቀና የማደርግላት፤
ሰባት ዓመቷ ነው፤ አምስቱን ትንፋሽ በትንፋሽ ቆጠርኩላት።

አክታው ሲያፍናት ቱቦውን ሰድጄ በማሽን እስባለሁ፤
ሐኪሞቹ "እስከ አሥር" ይላሉ፤ እኔ ግን ከንፈሯን አያለሁ፤
ስምንት ላይ ይጠቁራል። ስምንት ላይ አወጣለሁ።
ይህን ያስተማረኝ የለም፤ ፍርሃት ነው ያስለመደኝ፤
መታወቂያዬ ግን "የቤት ሠራተኛ" ብሎ ነው የሚያውቀኝ።

ዛሬ እናቷ ለጢፋ ከወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ወረቀት ይዛ ተቀመጠች፤
"ለምክር ቤቱ ነው፤ አንቺ ንገሪኝ፣ እኔ ልጻፍ" አለች፤
"እኔ የማውቀው ቀኑን ነው፤ ሌሊቱ ያንቺ ነው።"
ይህን ስትል እኔን አይደለም፣ እስክሪብቶዋን ነበር የምታየው።

ጻፊ አልኳት፦ የማሽኑ ባትሪ አርባ ደቂቃ ነው ዕድሜው፤
ባለፈው ነሐሴ መብራት የጠፋው ግን ሁለት ሰዓት ነው፤
የቀረውን በሲሪንጅ፣ በእጄ እየሳብኩ አነጋሁት፤
አውራ ጣቴን እይው፤ እስካሁን በቅጡ አላጠፍኩት።
ጻፊ፦ ነርስ ቤት ድረስ ትምጣ፤ በወር አንዴም ቢሆን ትምጣ፤
አራተኛ ፎቅ ነን፤ ሊፍቱ ሲበላሽ በጀርባዬ ነው ይህች ልጅ የምትወጣ።
ጻፊ፦ ሆስፒታል ስትተኛ "ከዘመድ በቀር አያድርም" ይላሉ፤
በር ላይ ያስቀሩኛል። እኩለ ሌሊት ላይ ደግሞ ይደውላሉ፦
"እስከ ስንት ነበር የምትቆጥሪው?"

ጻፊ፦ የሚያስታምም ሰው በሳምንት አንድ ሌሊት ይተኛ።
እስክሪብቶው ቆመ።
"ማን?" አለች። "ማንም" አልኩ፤ "አንቺም፣ እኔም።"
ማቀዝቀዣው ብቻ አጉረመረመ።
አምስት ዓመት ዕረፍት ስጠይቃት "ኢንሻላህ" ያለችኝ እሷው ናት፤
ጻፈችው። በቀስታ፣ ዕዳ እንደሚከፍል ሰው፣ ፊደሉ እየከበዳት።

የእኔዋ ሐያት ከሚሴ፣ እህቴ ዘንድ ናት።
ሕፃን ሳለች ያቺ የጤና ኤክስቴንሽኗ የበረዶ ሳጥን አንግታ፣
ጫማዋን በእጇ ይዛ፣ ጭቃውን አቋርጣ መጥታ፣
በር አንኳኩታ፣ "ሐያት አለች? ክንዷን አምጫት!"
"ድሃ ነን" አልኳት ለለጢፋ፤ "ግን በር የሚያንኳኳ ነበረን።"
ይህን አልጻፈችውም። እኔም አልፈረድኩባት።

ከታች ቅጽ አለ፦ ስም፤ ፊርማ፤ ዝምድና።
"እናት" ብላ ሞላች፤ ቀጣዩን ረድፍ ወደ እኔ አዞረችና
ዝም አለች።
ስሜን ጻፍኩ፤ ሰዓዳ ይመር፤ በራሴ ፊደል፤
ዝምድና ላይ ስደርስ እጄ መጻፍም አልችል፣ ማለፍም አልችል።

ማሽኑ ጮኸ። ጥዬ ሮጥኩ።
አንድ። ሁለት። ሦስት። የሪም ዓይን ዓይኔ ላይ፤
አምስት። ስድስት። ሌላ አውሮፕላን ከላይ፤
ሰባት።

ስመለስ ለጢፋ የለችም። ወረቀቱ ከነሳጥኑ፣
ባዶውን ተቀምጧል፤ መብራቱ በርቶ በላዩ።
"ስምንት" ብዬ ጻፍኩበት።
ያልገባው ይደውልልኝ፤ እኔ እንደሁ አልተኛም ሌት።