ይኼኛውን አትጥረጊ

ቤቱ ደማም ነው፤ ከባሕሩ ጥግ፣
የበር ማጠፊያ እንኳ ባመቱ የሚዝግ።
ሥራዬ አቧራ ነው። ጧት ማንሣት፣ ማታ ማንሣት፣
በረሃው በመስኮት ሾልኮ ሲገባ፣ እግር በእግር ማስወጣት።

ላይ ቤት አንድ ክፍል አለ፣ ማዳም የማትረግጠው፣
"ያበደ ሽማግሌ" እያለች የምትገላምጠው።
አርባ ዓመት ሪያድ ድረስ ባቡር ሲነዳ ኖሮ፣
አቡ ማጂድ ዛሬም ይነዳል፣ ባቡሩን በጣት ልክ አሳጥሮ።

ፉርጎዎቹ ያበራሉ። ትናንት ከካርቶን የወጡ፣
ሐሩር ያልቀመሱ፣ ጭነት ያልዋጡ።
"አላምናቸውም" አለኝ። ቡናማ ቀለም በጠበጠ፣
ዳር እስከ ዳር እንደ ግድግዳ ለቀለቃቸው፤ አይቶ፣ ተናዶ፣ ተቀመጠ።
ዝም ማለት ነበረብኝ።
"ባባ፣ ዝገት እንዲህ አይመጣም" አልኩት።

"የት ተምረሽ?"
ያደግኩት ድሬ ነው፣ ከሸሚንደፈር አጥር ሥር፣
በቆሙ ፉርጎዎች ሆድ ድብብቆሽ ስንዞር።
ቀለም ባልቆጥርም ዝገት ቆጥሬያለሁ።
"ሰነፍ ነው ባባ፤ ውኃ ካረፈበት ይጀምራል፣
ከብሎን ራስ፣ ከማጠፊያ፣ ከተጫረ ቦታ ይነሣል፣
ከዚያ እንዳልተጠረገ የሕፃን ንፍጥ ቁልቁል ይወርዳል።
ጣሪያው በፀሐይ ይነጣል፣ ሆዱ አፈር ይለብሳል፤
የሰው ፊት እንኳ መቼ እኩል ያረጃል?"

ከዚያ ወዲያ ሥራዬ ሁለት ሆነ፤
እስከ ዐሥር ሰዓት አቧራ አነሣለሁ፣
ከዐሥር ሰዓት በኋላ አቧራ አስቀምጣለሁ።

የድስት መፈተጊያ ሽቦ በኮምጣጤ ዘፈዘፍኩ፣
በሦስተኛው ቀን አንድ ጠርሙስ ዝገት ጠመቅኩ፤
ማዳም ሸተታት፣ ጓዳውን አስፈተሸች፤ እኔ አቀረቀርኩ።
ጠመኔና ከሰል ወቅጬ በሻይ ማጥለያ ነፋሁ፣
እሷ በጣለችው የመኳኳያ ብሩሽ የፉርጎ ጉንጭ ቀባሁ።
ጥቁር ቀለም በአልኮል አቀጠንኩ፤ ስንጥቁ ውስጥ ገብቶ ተኛ።
ደግሞ ጨው፦ ጎኑን አርጥቦ መነስነስ፣ ላዩን ቀለም መደረብ፣
ሲደርቅ በአውራ ጣት መፈተግ።
ተላጠ! ልክ እንደ አይሻ ጣቢያ ግድግዳ።
ውጭ ቤቱን የሚበላው ጨው፣
እዚህ ላይ ቤት፣ ለእኔ ታዘዘ።
የጣቢያዋን ጣውላ የትናንት ሻይ አጠጣኋት፣
ባንድ ምሽት ስድሳ ዓመት አስረጀኋት።

የፍሬኑ መዘውር ላይ ስደርስ ግን ቀለሙን ጠረግሁት፣
የእርሳስ ዱቄት ይዤ ጥቁር ብርሃን እስኪያወጣ አሸሁት።
"ይህስ ለምን አይዝግም?" አለኝ።
"እዚህ ጋ እጅ አለ" አልኩት።

አባቴ ፍሬን ያዥ ነበር፣ ከድሬ እስከ ደወሌ፤
እሱ በሚይዘው በኩል መዘውሩ መስተዋት ነበር፣
ሕፃን ሳለሁ ጥርሴን አይቼበታለሁ።
መስመሩ ቆመ። አባቴ ቤት ዋለ።
ከሁለቱ ማን ቀድሞ እንደ ዛገ፣ እንጃ።

አቡ ማጂድ መልስ አልሰጠኝም።
መዳፉን ገልብጦ አየ፤ ቀጥሎ የእኔን፣
በረኪና የላጠውን።
መብራቱን አጠፋና "ነገ ድልድዩን እንጀምር" አለኝ።

ድልድዩ ሳያልቅ ውሌ አለቀ።
በቦታዬ የምትመጣዋን አላውቃትም፤
ከማኒላ ትሁን ከኮምቦልቻ፣ ጎበዝ ከሆነች፣
በመጀመሪያው ጧት እርጥብ ጨርቅ ይዛ ትገባለች፣
የሰባት ወር ልፋቴን ባንድ እጇ ታጸዳለች።
ስለዚህ የካርቶን ክዳን ቀደድኩ፣
ባማርኛም፣ በተሰባበረ ዓረብኛም ጻፍኩ፣
ከጣቢያዋ ደጃፍ፣ ሰዓት ማስታወቂያው ሊሰቀልበት ከነበረው ቦታ አቆምኩ፦

እህቴ፣
ቤቱን በሙሉ አጽጂ።
ይህን መደርደሪያ ግን ተይው።
ይኼኛው አቧራ ተሠርቶ ነው።