ዙር ሁለት መቶ አሥራ ሁለት

ኅዳር ሲጋመስ፣ ሌሊት፣ ደብረ ብርሃን ላይ፣
የሽቦው አጥር ነጣ፣ ባንድ ጎኑ ብቻ፣ በአመዳይ።
ውርጭም ያደላል ለካ! ፊቱን አልብሶት ሲያበቃ፣
ጀርባውን ረስቶት አደረ፤ ብረቱ እርቃኑን ነቃ።
እኔ ግን ከቤተ ሙከራው፣ ጋቢ በካፖርት ደርቤ፣
እንዳላደላ ፈርቼ፣ ተቀምጫለሁ ከማሽኑ ቀርቤ።

ውስጡ ያለችው ነገር ከጤፍ ፍሬ ታንሳለች፤
በዓይን ቢያዩዋት አቧራ፣ በማጉያ ግን ቤት ሆናለች፤
ማገር በማገር ተጋድሞ፣ ወጋግራ ወጋግራን ደግፎ፣
ሺህ ክፍል፣ ሺህ ጓዳ፣ ጓዳው ከጓዳ ተቃቅፎ።
ልሰና ብቻ የላትም።
የእኔ ሥራ ማልበስ ነው፤
እያንዳንዱን ማገር፣ ከፊትም ከኋላም፣ እኩል ማልበስ ነው።

አባቴ ሞላሌ ላይ ግድግዳ መራጊ ነበር፤
ጭቃውን ከጭድ አብኩቶ፣ ሲረግጥ ውሎ የሚያድር።
«ፊቱን ሁሉም ያሳምራል» ይላል፣ ጭቃ ከጣቱ እየላጠ፣
«ምስጥ ግን በጓሮ ይገባል፤ ልሰናው እዚያ ካመለጠ።»

ታዲያ እጅ በማይገባበት፣ ብሩሽ በማይደርስበት ሰፈር፣
ቀለም ብረጭ ፊቱን ይዞ፣ ጓዳው እርቃኑን ሊቀር፣
ምን ይሻላል?
ትንፋሽ ይሻላል።
አንድ እፍ፦ አልሙኒየም ያዘለ ተን፣ ቀዳዳ ሳይንቅ ይገባል።
እንደ ሰንበቴ ቤት መደብ፣ አንድ ቦታ ለአንድ ሰው ነው፤
ዘግይቶ የደረሰው ተን፣ ዘመድም ቢሆን ተመላሽ ነው።
ናይትሮጅን ጠርጎ ያወጣዋል፤ ቀጥሎ የውሃ እንፋሎት፤
አንድ ረድፍ አቶም ተነጠፈ፤ አንድ ዙር አለፈ ማለት።
እፍ። ጠረጋ። እፍ። ጠረጋ።
ችኩል እጅ እዚህ አይበጅም፤ የሚያዋጣው ልቡ የረጋ።

ፓምፑን ያስነሳው ዘርጋው ነው፤ ስሙም ሥራውም ዘርጋው፤
የሚያፈስ አንገቱን ይዞ፣ በአሮጌ ጎማ የዘጋው።
ጮክ ብሎ ዙር ይቆጥራል፦ «ሁለት መቶ አሥራ ሁለት...»

መብራት ሄደ።
ደብሩ የብርሃን፤ እኛ ግን ኩራዝ የሌለን ቤት።
ሦስት መቶ ነበር ውላችን። ፓምፑ አቃሰተ፣ ቀዘቀዘ፤
ዘርጋው «ትጣል ይሆን?» አለኝ፣ በስልኩ ብርሃን እየተከዘ።

አልጣልናትም። አዲስ አበባ ላክናት፣ ከትልቁ ማጉያ ፊት፤
በጥር ማገባደጃ ምስሏ መጣ፣ ቁጥር ተጽፎበት፦
የበሩ ማገር፣ ሃያ ሦስት ናኖሜትር።
የመጨረሻው ጓዳ፣ ያውም ጀርባው፣ ሃያ ሦስት ናኖሜትር።

ዘርጋው ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ሞላሌ ትዝ አለኝ፤
የአባቴ ቤት፣ በጓሮ በኩል፣ ማገሩ ገጦ እያየኝ።
የሰው ቤት ሲመርግ ኖሮ፣ የራሱን «ነገ» ሲል፣
ጉልበቱ አለቀ፤ ነገም አለቀ፤ ምስጥ ብቻ ቀረ፣ ሲቆፍር ሲውል።

ቅዳሜ ወጣን፣ ጭዱን በጆንያ አስረን።
ጣርማበር ሳንደርስ ታጠፍን፤ ጉም መንገዱን ሸፍኖብን።
ዘርጋው፣ እንደ ሥራ ሰዓት፣ ደብተሩን አውጥቶ፦
«ውፍረቱ ስንት ይሁን?»
«ሁለት ጣት።»
«የማን ጣት?»
«የአባቴ። ከጓሮው እንጀምር።»