ማዶ የሌለው ጀልባ

አባቴ ባለ ታንኳ ነበረ፣ ከታሙር ወንዝ ዳር፣
ሠላሳ ሁለት ዓመት ሰው ከዚህ ወደዚያ ሲያሻግር፤
ሙሽራ ከነአጃቢ፣ ፍየል ከነገመዷ፣
ሐኪም ከነሣጥኑ፣ መበለት ከነመርዷ።
ዋጋው አንድ እፍኝ ዳጉሳ፣ አለዚያም «ነገ» የሚል ቃል፤
ነገም እንደ ወንዙ ነው፣ ሳይመለስ ቁልቁል ይወርዳል።

ከዚያ ድልድይ ተዘረጋ፣ የብረት ገመድ መንታ፤
አሻጋሪው ተሻገረ ከሥራ ወደ ዝምታ።
ታንኳው ጓሮ ተደፍቶ ቀረ፤
ዶሮ ዕንቁላል ጣለበት፣
ዝናብ ከበሮ መታበት።

እኔ ደግሞ በሃያ ዓመቴ ካያክ ተሸክሜ መጣሁ፤
ብርቱካናማ ፕላስቲክ፣ እንደ ቀሚስ ከወገብ የሚታጠቁት።
ዞረው። በጣቱ ቆረቆረው። እንደ ባዶ ገንቦ ጮኸ።
«ስንት ሰው ይጭናል?»
«እኔን ብቻ።»
«ወዴት ያሻግራል?»
«አያሻግርም አባ፤ ቁልቁል ነው የሚወርደው።»
«ፉልማያ፣ ማዶ ለማይደርስ ጀልባ
ማን ዳጉሳ ይከፍልሻል?»
መልስ አልነበረኝም። ዛሬም የለኝም።

ያስተማረኝ ዳንዲ ታማንግ ነው፣ ሁለት ጣቱን ወንዝ የወሰደበት።
«አለቱን አትይው» ይለኛል፣ «ዓይንሽ ያረፈበት ጀልባሽ ያርፍበታል።
ስትገለበጪ ደግሞ ራስሽ መጨረሻ ይውጣ፤
ለመተንፈስ የቸኮለ ነው የሚሰምጠው።»

ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል።
ታሙር ግን አያሳስቅም።
ከካንቼንጁንጋ ሥር በረዶውን በጥርሱ ይዞ የተነሣ፣
የሚያገሳ ድንጋይ ነው፣ ለጊዜው ውሃ የመሰለ።

ከድልድዩ በላይ ያለውን ፏፏቴ መንደርተኛው «ድዳም» ይለዋል፣
ሳያኝክ ስለሚውጥ።
ዝናቡ ካባራ በሦስተኛው ሳምንት ልወርደው ገባሁ።
ከላይ ሲታይ ወንዙ ያልቃል፤
ጠርዝ ብቻ፣ ከጠርዙ ማዶ ጭጋግ፣
ከጭጋጉ ማዶ ድምፅ።
ዳንዲ ከአለቱ ላይ ገመድ ይዞ ቆሟል፤
በሦስት ጣቱ ምልክት ሰጠኝ፦ ነይ።

የመጀመሪያው ማዕበል ትንፋሼን፣ ሁለተኛው ስሜን ወሰደ፤
ሦስተኛው በጎን መታኝና ሰማይ ከሥሬ ወረደ።

እዚያ ታች ጩኸት የለም።
አረንጓዴ ነው። ይበርዳል።
ጠጠር ሲንከባለል ይሰማል፣ ሰው ጓዳ ውስጥ ምስር የሚለቅም ይመስል።
አንድ ጊዜ ቀዘፍሁ፤ እምቢ።
ሁለተኛ፤ አፌን አሸዋ ሞላው።
ያኔ ያ የተደፋ ታንኳ ትዝ አለኝ፣
ልጅ ሆኜ ከሥሩ ገብቼ ዝናብ የማዳምጥበት፣
አባቴ «የት ገባች ይህች ልጅ?» እያለ
እያወቀ የሚፈልገኝ።
አልቸኮልሁም።
ጉልበቴን ከጀልባው ጎን አጣበቅሁ፣ ወገቤን ጠመዘዝሁ፣
መቅዘፊያዬ የሚይዘው ውሃ አገኘ፣
ራሴ መጨረሻ ወጣ።
ሰማይ ወደ ቦታው ተመለሰ። ግማሹ ድልድይ ነበር።

ድልድዩም ላይ አባቴ፤
ከተዘረጋ ጀምሮ አንድ ቀን ያልረገጠው፣
ገበያ ሲሄድ እንኳ በታችኛው መልካ ዞሮ ግማሽ ቀን የሚያጠፋ፣
ዛሬ መሐሉ ላይ ቆሞ
የሌለ መቅዘፊያ ጨብጦ
ወደ ግራ፣ ወደ ግራ ይገፋል።
በእጆቹ ሄድሁ።

ከአለቱ ጀርባ፣ ውሃው ወደ ኋላ ከሚዞርበት ጸጥታ ደረስሁ፤
አሸዋ ተፋሁ። አፍንጫዬ ደማ። ሳቄ መጣ፣ ዋጥሁት።
ወርዶ አጠገቤ ቁጢጥ አለ፤
ብዙ ቆየ፣ ወንዙን እንጂ እኔን ሳያይ።
«ግራሽ ይዘገያል» አለ።
ተነሥቶ ሄደ።

ማታ ከጓሮ ሙጫ ሲፈላ ሸተተኝ፤
ቤቷን የተነጠቀች ዶሮ
እስኪነጋ ስትሳደብ አደረች።