ስምንት ዓመት

መብራት ሄደ።
ፎቶ ኮፒው ግማሽ ገጽ ላይ ቆመ፤
የሞዴል ፈተናው ጥያቄ አሥራ ሰባት
ከወገቡ በታች ነጭ።
እኛ ተማሪዎቹ ደረጃው ላይ ተኮለኮልን፤
ኢንጂነር ስንሻው ክዳኑን አነሣ፣
የቀለሙ ዱቄት ጣቱን አጠቆረው።

«ማሽን አይጽፍም» ይላል ሁልጊዜ፣ «ይጣራል እንጂ።
የተጠራው ዱቄት ይመጣል፣
ያልተጠራው ይቀራል።»
ከበሮውን በወጣትነቱ ነው ያበጃት፣
ቃሊቲ፣ ከወዳደቀ ብረት መሀል፤
ኋላ ያንኑ ጥሪ አሳነሰው፣ አሳነሰው፣
የብር ሳንቲም አከለ፣
ሐኪሞቹም ከእትዬ ዘርትሁን ግራ ትከሻ ሥር ቀበሩት።
«ልብም ያው ናት፤ ስታንቀላፋ ስሟን መጥራት ነው።»

ከላይ፣ ከበረንዳው፣ ድምፅዋ ወረደ፦
«አንተ ስንሻው፣ ባትሪው ስንት ዓመት አልከኝ?»
«ስምንት።»
«የኮንዶሚኒየሙ ዕዳ ሃያ ነው እኮ!»
ሳቅን።
እሱ አልሳቀም፤ በጥቁር ጣቱ ቆጠረ፣
ተሳሳተ፣ ደግሞ ቆጠረ።
«ሦስት ባትሪ» አለ፣ «አራት ዓመት ይተርፍሻል።»
«የተረፈውን ምን ላድርገው?»

መልስ አልነበረውም።
ከቱሉ ዲምቱ እስከ ኮዬ ፈጬ
አንድም መስኮት አልበራም፤
ትናንት ማሳ የነበረው ሜዳ፣ የብሎኬቱ ክምር፣
የታክሲው ማዞሪያ፣ ሁሉም ተዋጠ።
ቆጣሪ ያልተገጠመለት
አንድ መስመር ብቻ
ከሹራቧ ሥር
ይጣራል፤
ትመጣለች።
ይጣራል፤

ትመጣለች።