አንድ ሚኒባስ ሰው

ከሌሊቱ ስምንት፤ ቂጦ ፉርዲሳ፤
ዝናቡ ቆርቆሮ ላይ ድምፁን እያነሳ፤
እኔ ሃያ መስመር ይዤ፣ ስሰርዝ፣ ስሞክር፣
ከማሽኑ ልብ ውስጥ የገባች ትንሽ ነገር፦
ማን ቀድሞ ይሂድ? ማንስ ቆሞ ይጠብቅ?
ብላ የምትወስን፣ ባለቤቱ ሳያውቅ።
ሌላ የሙያ ስም አላት፤ እኔ ግን በልቤ
«ተራ አስከባሪ» እላታለሁ፣
አባቴን አስቤ።

አባቴ ተማም ነው። ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ
የአጋሮ፣ የሊሙ፣ የሰቃ ተሳፋሪ ሁሉ
በእሱ ፊሽካ ነው የሄደ። ደብተር አልያዘም፤
አንዴ ዓይኑን ይጥላል፣ «አንቺ ግቢ!» ይላል፤ አይደግም።

ኮዱም እንዲሁ ነው። መቶ አርባ መስኮት ያለው
አንድ ረዥም ቤት አለ ብለህ አስበው፤
መብራት ከበራበት፣ እዚያ ውስጥ ሰው አለ፤
ከጠፋ ደግሞ የለም። ይኸው ነው፤ ቀለለ።
በቁጥር ያነሰው ነው ቀድሞ የሚሳፈር፤
የፊተኛውን መብራት ማግኘት፣ ያ ነው ሥራው በአጭር።

የድሮው ኮድ መስኮቱን በአምስት እፍኝ ያፍሳል፣
እፍኙ ሠላሳ ሁለት፤ ባዶውን ጥሎ ያልፋል።
አዲሱ ማሽን ግን እጁ ሰፊ ነው፤ ስልሳ አራት
ባንድ ጊዜ ይዘግናል። ታዲያ ለምን አምስት?
ሁለት እፍኝ ይበቃል አልኩ። ቆረጥኩ፣ አሳጠርኩ፤
የጅማ በርጩማ ካንድ ግንድ እንደሚወጣ፣
ያለ ሙጫ፣ ያለ ሚስማር፣ እንዲያ ሆኖ መጣ።
መብራት ሄደ፤ ጄነሬተሩ አጉረምርሞ ተነሣ፤
ደግሜ ሞከርኩት፤ ፈጠነ።
ሲነጋ ባጃጅ ይዤ፣ በአጂፕ በኩል፣
ጭቃውም ደስታዬም እስከ ጉልበቴ እኩል።

በሦስተኛው ቀን ሐያት መጣች፣ ዣንጥላዋን ሳታጥፍ፤
«የዝናብ ስሌቴ ቆሟል። አልሞተም፣ ግን አንድ እርምጃ አያልፍ።»
ማሽኑን አየሁት። ሥራ ፈትቶ ተኝቷል፤
«ተሳፋሪ የለም» ብሎ እጁን አጣጥፏል።

ማታ ለአባቴ ነገርኩት፤ ጫማውን እያወለቀ ሰማኝ።
«ስንት ነው ያልሽኝ መስኮቱ?»
«መቶ አርባ።»
«እፍኝሽስ?»
«ስልሳ አራት።»
«ስንቴ ዘገንሽ?»
«ሁለቴ።»
አንድ እግሩ ጫማው ውስጥ እንዳለ ዝም አለ።
«ኢንታላ ኮ፣ አሥራ ሁለት ሰው ቀረሽ። አንድ ሚኒባስ ናቸው፤
ዝናብ ላይ ቆመው ሳለ በሩን የዘጋሽባቸው።»

ያፈርኩትስ በስህተቱ አይደለም፤ ሰው ይሳሳታል።
ያፈርኩት የቀሩት እነማን እንደሆኑ ሳይ ነው፤
በመጨረሻዎቹ መስኮቶች የሚቀመጠው
ማንም ገፍትሮት አይደለም፤
«እናንተ ቅደሙ፣ እኔ እደርሳለሁ» ብሎ ነው።
ሌሊት ሌሊት ሰነድ የሚገለብጡት፣ ሳይጮኹ፣
እንደ ሐያት ስሌት ያሉት፣ ማንንም የማያውኩ።
የተጋፋው ሁሉ ሄዷል፤ መንገዱም አልጠበበው፤
የእኔ ፈጣን ኮድ የረሳው
«ግድ የለም» ያለውን ነው።

ቅዳሜ አስተካከልኩት። ሦስተኛ እፍኝ ጨመርኩ፣
የማይሞላ፣ አሥራ ሁለት ብቻ የሚይዝ፤
እንደ ተቀጠለ እግር ያስቀይማል በርጩማውን።
የሐያት ስሌት ተንቀሳቀሰ፤ ሲመሽ ውጤቱን ሰጠ፦
«ሐሙስ አዌቱ ይሞላል።»

ሐሙስ አልፏል። አዌቱ ሞልቶ፣ የሰው አጥር ወስዶ፣
ተመልሶ ወደ ቦታው ገብቷል።
ሐያት አነበበችው፣ ሳቀች፣ ከዚያ ሳቋን ተወች።

በኮዱ ውስጥ፣ ማሽኑ ከማያነበው ጎን፣
ከእኔ ቀጥሎ ለሚመጣ ቸኳይ አንድ መስመር ጻፍኩ፦
«ይህችን አትሰርዝ። ታስጠላለች፤ አውቃለሁ።
እዚህ ጋ የቆሙ ሰዎች አሉ።»