የቆሮሶ ሳጥን

አሞራ ገደል ነው ያገኘሁት፣ ከባለ ቢላዎቹ እግር ሥር፣
አባ ኮዳው ዙሪያውን ቆሞ፣ እንደ ዳኛ ሲንጎራደድ፣ ሲማከር፤
ጆሮው ላይ ቅርፊት ተለጥፎ፣ ሆዱ በረሃብ ተነፍቶ፣
ጫማዬን ተከተለ፣ ከዚያ ሁሉ እግር መርጦ፣ ለይቶ።
ስሙን ቆሮሶ አልኩት፣ ዓሣ ዓሣ ስለሚሸት፣
በሳሙና ሦስቴ አጥቤው እንኳ አልለቀቀውም እስከ ምሽት።

እትዬ ወርቅያንጥፉ፣ አከራዬ፣ በር ላይ ቆመው ገላመጡን፤
«ውሻ በር ይጠብቃል እንጂ፣ ቤት ውስጥ ማን ያስተኛዋል እሱን?
ደግሞ ቢያላዝን ሌሊቱን፣ ደም ግፊቴን ቢያስነሳው፣
ወይ እሱ ይወጣል ከዚህ፣ ወይ…» አልጨረሱትም፤ ገባኝ የቀረው።

ሐመሶ አናጢው ሠራልኝ፣ ከቲማቲም ሳጥን ጣውላ፣
በሩ የዶሮ ሽቦ፣ ማጠፊያው የተቆረጠ ጫማ ሶላ፤
«ለጥንቸል ነው?» አለኝ፤ «ለቡችላ» ስለው ሳቀ፣ ሳቀ፤
ብሩን ግን ቀነሰልኝ፤ ሳቁ ሳያልቅ ሂሳቡ አለቀ።

የፋብሪካ ሹራቤን አነጠፍኩ፣ ላቤን የጠጣውን፣ ያላጠብኩትን፣
በጨርቅ ጠቅልዬ ጨመርኩ ቀጭ ቀጭ የምትለውን ሰዓቴን፣
የእናቱ ልብ መስላው ይሞኝ እንደሆን በሚል ተስፋ፤
ተሞኘ፣ ለሩብ ሰዓት። ከዚያ ግን ጩኸቱ ጣሪያውን ገፋ።
ከታቦር ተራራ ጅብ መለሰለት፣ የሰፈር ውሻ ሁሉ አጀበ፤
ከወዲያ የእትዬ ወርቅያንጥፉ ከዘራ ግድግዳውን ደበደበ።

አውጥቼ ልቀፈው? እጄ ሽቦው ጋ ደርሶ ተመለሰ፤
ካቀፍኩት ይማራል፦ በር የሚከፈተው ላለቀሰ።
ዝም ሲል፣ ለእስትንፋስ ያህል፣ ያኔ ጣቴን አሾለክሁ፤
ሲጮህ ሰበሰብኩ፤ ሲያርፍ ሰደድኩ። እንዲህ ስንደራደር ቆየሁ።

ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ፍራሼን ወለሉ ላይ ስቤ፣
ጉንጬን ከሽቦው አስጠግቼ፣ ሌላ ሌሊት መጣ በልቤ።
ከቦዲቲ የመጣሁ ለት፣ ፓርኩ ሥራ በያዝኩ ማግስት፣
አንዲት ክፍል፣ ሦስት ተደራራቢ አልጋ፣ ስድስት ሴት፤
እንደ ሳጥን በተደረደረው ብረት ውስጥ የታችኛው ደረሰኝ፣
ትራሴን ነክሼ ሳለቅስ፣ ማንም ያልሰማኝ መሰለኝ።
ከላይ አንድ እጅ ወረደ።
«አይዞሽ» አላለችም፣ «ዝም በይ» አላለችም፣ አልወረደችም ከአልጋዋ፤
ተንጠልጥሎ አደረ እንጂ፣ እስኪነጋ፣ መርፌ የወጋው መዳፏ።
ስሟ ታደሉ መሆኑን ያወቅሁት በሦስተኛው ቀን ነው።

በማግስቱ ፍራሼ አንድ ክንድ ራቀ። ከዚያ እስከ ጠረጴዛው እግር።
ስምንት ሰዓት ላይ አወጣዋለሁ፣ ያለ ወሬ፣ ያለ ጨዋታ፤
ይሸናል ከፓፓያው ሥር፣ ያዛጋል፣ ይመለሳል በዝግታ።
ቀን ቀን በሩን ክፍት ትቼ፣ የዳቦ ቁራሽ እጥላለሁ፤
ገብቶ ይበላል፣ ይወጣል። ገብቶ ይበላል። ቀን እቆጥራለሁ።
አንድ ሌሊት ሳጥኑ ውስጥ ሸናበት፤ ሹራቤን አጥቤ አሰጣሁ፤
አንድ ሌሊት እኔው ተሸነፍኩ፤ አቅፌው ነው የተኛሁ።
በማግስቱ ደግሞ ከሀ ጀመርን።

በአሥራ ሁለተኛው ሌሊት፣ ስምንት ሰዓት ላይ ባነንኩ።
ዝም። ሰዓቷ ብቻ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። ተንበርክኬ አዳመጥኩ፤
ሆዱ ይነፋል፣ ይጎድላል፤ በህልሙ እግሩ ይሮጣል፣
የሚያባርረው አባ ኮዳ ይሆናል፣ ማን ያውቃል።
ጣቴን በሽቦው ብሰድ፣ አንዴ አሸተተና ተወው፤
ያን ሌሊት እጅ የቸገረው፣ ለካ፣ ከሽቦው ወዲህ ያለው ነው።

ጠዋት እትዬ ወርቅያንጥፉ፣ ነጠላቸውን እንዳጣፉ፣
ዓይናቸው ቀልቶ በሬ ላይ፦ «ምነው ዝም አለ? ሞተ እንዴ?
እኔ'ኮ ጸጥታው ነው እንቅልፍ የነሳኝ፤ ስጠብቀው፣ ስጠብቀው…»
ከነጠላቸው ሥር አጥንት አወጡ፣ በላስቲክ የተጠቀለለ፤
«ለእሱ ነው» አሉ፣ ወደ ሳጥኑ ሳያዩ፣ «ያው… ካለ።»